ከአሮጌ ቴሌቪዥን ጋር የሚስማማ ሳውንድባር ስንገዛ ምን እንይ?

መምህር ዘሞላሌ፣ ከሞላሌ

ሰላም ለመድረኩ ታዳሚዎች። ሳውንድባር፣ ማለትም ከቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጠውን ረጅም ስፒከር፣ ለመግዛት አስቤያለሁ። የሚገዛልኝ አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሜ ስለሆነ፣ ዕቃው መንዝ ከደረሰ በኋላ «አልገጠመም» ብሎ መመለስ የማይታሰብ ነው። ገንዘቡን ከመላኬ በፊት የምታውቁትን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ቴሌቪዥኖቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው በአባቴ ቤት ያለው፣ ጀርባው ወፍራም የሆነ ባለ 21 ኢንች የድሮ ቴሌቪዥን ነው። ሁለተኛው በእኔ ቤት ያለው ባለ 32 ኢንች ፍላት ሲሆን፣ ሌላ ሰው ብዙ ዓመት ከተጠቀመበት በኋላ የገዛሁት ነው። አባቴ ዕድሜያቸው ስለገፋ ጆሯቸው ደከም ብሏል፤ ዜና አንባቢው የሚለውን ለመለየት ድምፁን እስከ መጨረሻው ይከፍቱታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ድምፁ ይሻክርና ጭራሽ ቃሉ አይለይም። የእኔው ፍላት በበኩሉ ድምፁ ከጀርባው ወደ ግድግዳ ስለሚወጣ ከጓዳ የሚናገር ሰው ይመስላል።

የፍላቱ ጀርባ ላይ ሁለት የኤችዲኤምአይ መሰኪያ፣ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ቀዳዳዎች፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ፣ እንዲሁም ክዳን ያለው ትንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ። ከኤችዲኤምአዮቹ በአንዱም ላይ ኤአርሲ የሚል ጽሑፍ አይታይም። የአባቴ ቴሌቪዥን ያለው ቢጫና ነጭ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ቀይ የለውም። በሁለቱም ቤት የምንከታተለው በዲሽ ሲሆን፣ ሪሲቨሮቹ ኤችዲኤምአይም ባለ ሦስት ቀለሙም መውጫ አላቸው። የትኛውን ዓይነት ልግዛ? ደግሞስ ለአባቴ ቴሌቪዥን የሚሆን ሳውንድባር ጨርሶ ይኖራል?


ጥገና ቤት፣ ከደብረ ብርሃን

መምህር፣ ጥያቄዎን ከመሰኪያዎቹ ስለጀመሩ ሥራውን አቃለውልናል። ወደ እኛ የሚመጣ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረን የቴሌቪዥኑን ስምና ኢንች ነው፤ ሳውንድባሩን የሚወስነው ግን ድምፅ የሚወጣበት ቀዳዳ ነው።

እኔ ሁልጊዜ የምለውን እዚህም ልበል፤ አሮጌ ቴሌቪዥን ያለው ሰው የቴሌቪዥኑን ጀርባ ትቶ አስቀድሞ የሪሲቨሩን ጀርባ ቢያይ ይሻለዋል። ዲሽ ባለበት ቤት ድምፁም ምስሉም የሚመጣው ከሪሲቨሩ ነው። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ያሳይ እንጂ ድምፁ በእሱ በኩል እንዲያልፍ የሚያስገድድ ነገር የለም። አብዛኛው ሪሲቨር በኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥኑ እየላከ እያለም በቀዩና በነጩ ቀዳዳ ድምፅ ማውጣቱን አያቋርጥም። ስለዚህ በሪሲቨሩ ቀይና ነጭ መውጫ ላይ የተሰካ ሳውንድባር፣ ቴሌቪዥኑ የስንት ዘመን ቢሆን ግድ አይሰጠውም።

የአባትዎ ቴሌቪዥን ቀይ ቀዳዳ የሌለው ሞኖ ስለሆነ ነው። እስካሁን ከሪሲቨሩ ሲገባለት የኖረው የግራው ድምፅ ብቻ ነው ማለት ነው፤ የቀኙ ሪሲቨሩ ላይ ቀርቷል። እዚያ ቤት የሚደረገው ቀላል ነው፤ ቢጫውን ገመድ እንዳለ ይተዉት፣ ነጩን ከቴሌቪዥኑ ነቅለው ከቀዩ ጋር አድርገው ወደ ሳውንድባሩ ይውሰዱት። ቴሌቪዥኑ ድምፅ ስለማይደርሰው በራሱ ዝም ይላል። ከዚህ የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ደግሞ የሪሞቱ ነገር ነው። በአብዛኞቹ ሪሲቨሮች በቀይና በነጩ የሚወጣው ድምፅ በሪሲቨሩ ሪሞት ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ አባትዎ ቻናል በሚቀይሩበት ሪሞት ድምፁንም ያስተካክላሉ፤ የሳውንድባሩ ሪሞት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።

እንግዲህ ወንድምዎ ሱቅ ሲሄድ የሚፈልገው ሳውንድባር ኦክስ የሚባለው የ3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ወይም ቀይና ነጭ መግቢያ ያለው መሆን አለበት። በአሁኑ ጊዜ ኤአርሲ እና ብሉቱዝ ብቻ ይዘው የሚወጡ ሳውንድባሮች አሉ፤ እነሱን አይንካ። ኤአርሲ ማለት ቴሌቪዥኑ ድምፁን በዚያው በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ሳውንድባሩ የሚመልስበት መንገድ ሲሆን፣ የመጣው በ2009 ከወጣው የኤችዲኤምአይ 1.4 ደረጃ ጋር ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቴሌቪዥን ይህ የለውም፤ ከዚያ በኋላ ከተሠሩትም ብዙዎቹ ርካሾች አልገባላቸውም። አንዳንድ ሰው «እንግዲያው የሪሲቨሩን ኤችዲኤምአይ በቀጥታ ሳውንድባሩ ላይ እሰካዋለሁ» ይላል። ሳውንድባሩ ያለው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ አንድ ብቻ ከሆነና ኤአርሲ የሚል ከተጻፈበት፣ ቀዳዳው ከቴሌቪዥን የሚመለስ ድምፅ የሚጠብቅ ስለሆነ ከሪሲቨር የሚመጣውን አይቀበልም። ኤችዲኤምአይ ኢን የሚል ሌላ ቀዳዳ ካለው ብቻ ነው ይህ የሚሆነው፤ ያ ደግሞ ዋጋው ከፍ ባሉት ላይ የሚገኝ ነው።


ወጣቱ ዘእነዋሪ

በእኔ አስተያየት ነገሩ ተወሳሰበ። ብሉቱዝ የሌለው ሳውንድባር ዛሬ ጥቂት ነው፤ ለቴሌቪዥኑ ትንሽ የብሉቱዝ ማስተላለፊያ ተገዝቶ የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ላይ ቢሰካለት ገመድ የሚባል ነገር ሳይኖር ይሠራል። እኔ ስልኬን ከሳውንድባር ጋር በዚሁ መንገድ አገናኝቼ ሙዚቃ ስሰማ አንድም ችግር አላየሁም።


ጥገና ቤት፣ ከደብረ ብርሃን

ወንድሜ፣ ለሙዚቃ ያልከው ትክክል ነው። ሙዚቃ የሚታይ አፍ የለውም፤ ዘግይቶ ቢደርስም ማንም አያውቅበትም። በቴሌቪዥን ላይ ግን ተራው ብሉቱዝ ድምፁን ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያዘገየዋል፤ ስለዚህ የዜና አንባቢው ከንፈር ቀድሞ ይንቀሳቀስና ቃሉ ኋላ ይመጣል። ጆሮው የደከመ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ከንፈር እያየ ነው የሚሰማው፤ ከንፈሩና ድምፁ ሲለያዩ የሚጎዳው ከሁሉ በላይ እሱ ነው።

በብዙ ሳውንድባሮች ላይ የድምፅና የምስል ማስተካከያ አለ፤ ነገር ግን ማስተካከያው ድምፁን ሊያዘገየው ይችላል እንጂ ሊያስቀድመው አይችልም። ድምፁ ቀድሞ ሲመጣ ይረዳል፤ ብሉቱዝ የሚፈጥረው ችግር ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። መዘግየቱን ወደ 40 ሚሊሰከንድ የሚያወርድ አፕትኤክስ ሎው ላተንሲ የሚባል ዘዴ አለ፤ እሱም የሚሠራው አስተላላፊውም ተቀባዩም ሲኖራቸው ብቻ ሲሆን፣ ሳውንድባር ላይ እምብዛም አይገኝም። የሦስት ሜትር ገመድ ዘርግቶ መገላገል እያለ ይህን ሁሉ መንገድ መሄድ አያስፈልግም።


ባለ ካፌው፣ ከሸዋ ሮቢት

ስለ ፍላቱ እኔ ልጨምር። ክዳን ያለው አራት ማዕዘን ቀዳዳ ኦፕቲካል የሚባለው ነው፤ ሲከፈት ውስጡ ቀይ ብርሃን ከታየ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። በካፌያችን ያለው ቴሌቪዥን ከመምህሩ ጋር የሚቀራረብ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ ሳውንድባሩን ያገናኘነው በዚሁ ነው። ጨዋታ በሚታይበት ሰዓት ቤቱ ሰው ስለሚሞላ የቴሌቪዥኑ የራሱ ድምፅ ከፊት ወንበር አያልፍም ነበር።

ሁለት ነገሮችን እንድትጠነቀቁ እመክራለሁ። አንደኛ፣ ገመዱ የተሰካ ዕለት ዝምታ ወይም የሚንጫጫ ድምፅ ብቻ ብትሰሙ ሳውንድባሩ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትወስዱት። ቴሌቪዥኑ ወይም ሪሲቨሩ ዶልቢ ዲጂታል በሚባለው በተጨመቀው መልክ እየላከ፣ ሳውንድባሩ ግን ያንን መፍታት የማይችል ሲሆን ይህ ያጋጥማል። በድምፅ ቅንብሩ ውስጥ የዲጂታል መውጫ የሚለው ተፈልጎ ፒሲኤም፣ ማለትም ያልተጨመቀው መልክ፣ ሲደረግ ይስተካከላል። አንዱ የቴሌቪዥን ቻናል ዝም ብሎ ሌላው የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ይኸው ነገር ነው፤ ሁሉም ቻናል በአንድ ዓይነት አይልክምና።

ሁለተኛው የመብራት ነገር ነው። በእኛ አካባቢ መብራት ሄዶ ሲመለስ አመጣጡ ኃይለኛ ነው። አሁን መብራት በሄደ ቁጥር ሁሉንም እነቅላለሁ፤ ከተመለሰም በኋላ ትንሽ ቆይቼ ነው የምሰካው። ሳውንድባር ሲጠፋም በስታንድባይ፣ ማለትም መብራት እየወሰደ በተጠባባቂነት፣ ስለሚቆይ፣ በሪሞት ማጥፋት ከመንቀል ጋር አንድ አይደለም።

አንድ ጥያቄም አለኝ፤ ቀድሞ በቀይና ነጭ ገመድ አገናኝተን በነበረ ጊዜ እንደ ንብ የሚያንጎራጉር ድምፅ ከሥር ይሰማ ነበር። ኦፕቲካል ካደረግነው ወዲህ ጠፋ። ምክንያቱ ምንድን ነው?


ጥገና ቤት፣ ከደብረ ብርሃን

ምክንያቱ የዲሹ ገመድ ነው ብዬ እገምታለሁ። ዲሹ ከብረት ምሰሶው ጋር ውጭ ቆሞ መሬት ይነካል፤ ሳውንድባሩ ወይም ሌላው ዕቃ ደግሞ በሶኬቱ በኩል መሬት ይይዛል። ሁለቱ መሬቶች እኩል ባልሆኑ ጊዜ በገመዱ መከላከያ ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ የ50 ኸርዙ መብራት ድምፅ የሚሰማውም በዚያ በኩል ነው። ኦፕቲካል ገመድ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ሰንሰለቱ ይቆረጣል። መምህር፣ በአባትዎ ቤት ይህ ቢያጋጥምዎ በመጀመሪያ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰኩት፤ በብዙ ቤት በዚሁ ይቀንሳል። ካልሆነ በቀይና ነጩ ገመድ መሐል የሚገባ፣ ውስጡ ትንንሽ ትራንስፎርመሮች ያሉት ማለያያ ይሸጣል። የሶኬቱን የመሬት እግር መቁረጥ ግን ፈጽሞ አይደረግም። አንዳንዶች ያደርጉታል፤ ድምፁ ይጠፋል፤ የሰውም ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል።


የሬዲዮ ወዳጅ፣ ከአንኮበር

ልጆቼ፣ ስትነጋገሩ ቆይቼ አነበብኩ። ስለ ባለ 21 ኢንቹ የምለው አለኝ። የድሮው ቴሌቪዥን ሣጥኑ ሰፊ ስለነበረ፣ ስፒከሩም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ተመልካቹ የዞረ ስለነበረ፣ ድምፁ ከዛሬው ስስ ፍላት የተሻለ ነው። መምህሩ «ይሻክራል» ያሉት በእርጅና የስፒከሩ ወረቀት ተቀድዶ ሊሆን ይችላልና፣ ሳውንድባር ከመግዛት ስፒከሩን አስፈትቶ ማስቀየር አይረክስም ወይ? ስፒከር ቢቀየር አባትየው የለመዱት ነገር አይለወጥባቸውም።

ሌላው ማንም ያላነሣው የማግኔት ነገር ነው። ባለ ቱቦው ቴሌቪዥን ሥዕሉን የሚሠራው በኤሌክትሮን ጨረር ነው፤ ጨረሩ ደግሞ በማግኔት ይጣመማል። ማንኛውም ስፒከር ማግኔት አለው። በድሮ ጊዜ ለቴሌቪዥን የሚሠራ ስፒከር መከላከያ ይደረግለት ነበር፤ የዛሬው ሳውንድባር ግን ለፍላት ተብሎ የሚሠራ ስለሆነ ያ መከላከያ አይጠበቅበትም። ከማያው ሥር አስጠግተው ቢያስቀምጡት ጠርዙ ላይ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ እድፍ ይታያል።


ጥገና ቤት፣ ከደብረ ብርሃን

ጋሼ፣ ስለ ማግኔቱ ማንሣትዎ በጣም ጥሩ ነው። እኛ ጋ «ማያው ተበላሸ» ተብለው ከሚመጡት ወፍራም ቴሌቪዥኖች ውስጥ አንዳንዶቹ ጎናቸው ስፒከር ተቀምጦባቸው የከረሙ ናቸው። እድፉ ቀላል ከሆነ ስፒከሩን ካራቁ በኋላ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አቀዝቅዞ ማብራት ነው፤ ሲበራ ድም የሚለው ነገር ማግኔቱን የሚያጠፋ ጥቅል ሽቦ ነው። እሱም የሚሠራው ከቀዘቀዘ ብቻ ነው። ማግኔቱ ኃይለኛ ሆኖ ብዙ ጊዜ ከቆየ ግን ከማያው ጀርባ ያለው የብረት ወንፊት ሊጣመም ይችላል፤ ያ አይመለስም። ስለዚህ በአባትዎ ቤት ሳውንድባሩ ከቴሌቪዥኑ በታች ባለው መደርደሪያ ወይም ራቅ ብሎ ግድግዳ ላይ ይሁን። አስቀምጠውት ምስሉን በነጭ ወይም በፈካ ቀለም ላይ ያዩት፤ ቀለሙ ካልተለወጠ ርቀቱ በቂ ነው።

ስፒከሩን ስለ ማስቀየር ያሉትን ግን በከፊል ነው የምቀበለው። ለተራ ሰሚ ትክክል ነው፤ ዋጋውም አይወዳደርም። ለደከመ ጆሮ ግን የሚጎድለው ንግግሩን ከሙዚቃውና ከጩኸቱ ለይቶ ማውጣቱ ነው። በብዙ ሳውንድባሮች ላይ የንግግር ወይም የዜና ቅንብር አለ፤ ሲጫኑት ወፍራሙን ድምፅ ይቀንስና የሰው ቃል የሚገኝበትን መካከለኛውንና ቀጭኑን ከፍ ያደርጋል። ያ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን በሞኖ ስፒከሩ ይህን አያደርግም።


የሬዲዮ ወዳጅ፣ ከአንኮበር

ይሁን፤ ለንግግሩ ሲባል ልቀበልህ። ስፒከር መቀየርን ግን ሰዎች አይናቁት። ሱቆች የማይነግሩን እሱን ነው።


እናት ዘመርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ

እኔም የተቸገርኩበት ስለሆነ ልጠይቅ። አሜሪካ ያለችው ልጄ ሶኖስ የሚባለውን ሳውንድባር ልላክልሽ ትለኛለች። ቴሌቪዥናችን ያረጀ ፍላት ነው። የመብራቱም ጉዳይ ያሰጋኛል፤ የዚያ አገር ዕቃ እዚህ ይቃጠላል ሲሉ እሰማለሁ።


ጥገና ቤት፣ ከደብረ ብርሃን

እትዬ፣ ሁለቱንም ለይተን እንያቸው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ነው። ዕቃው ሥር ወይም አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ ምንም ትራንስፎርመር ሳያስፈልገው በሶኬት መለወጫ ብቻ ይሠራል። 120 ብቻ የሚል ከሆነ በቀጥታ የሰኩት ቀን ይቃጠላል፤ የሚሰሙት ታሪክ የመጣው ከዚህ ነው። ልጅዎ ከመላኳ በፊት ጽሑፉን ፎቶ አንሥታ ትላክልዎ።

ሶኖስን በተመለከተ፣ ቢም የሚባለው ሞዴል የተሠራው ለኤችዲኤምአይ ሲሆን ከኦፕቲካል ጋር የሚያገናኝ መለወጫ በካርቶኑ ውስጥ አብሮት ይመጣል። በ2022 የወጣው ሬይ የሚባለው አነስተኛው ደግሞ ከቴሌቪዥን የሚቀበለው በኦፕቲካል ብቻ ነው። ሁለቱም ኦክስ የላቸውም፤ ስለዚህ ቴሌቪዥንዎ ኦፕቲካልም ኤአርሲም ከሌለው በቀጥታ አይገናኙም። ከዚህም በላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘጋጁ ስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያና ዋይፋይ ይፈልጋሉ። ቤትዎ ዋይፋይ ከሌለ ዕቃው ጥሩ ሆኖ ሳለ ገና ከጅምሩ ያስቸግርዎታል። ልጅዎ ቀለል ያለ፣ ኦፕቲካልም ኦክስም ያለው፣ ያለ ስልክ የሚሠራ ብትመርጥልዎ ለእርስዎ ይሻላል።


መምህር ዘሞላሌ፣ ከሞላሌ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ አባቴ ቤት ሄጄ ሪሲቨሩን ሞከርኩት። ከጎረቤት የተዋስኩትን ኦክስ ያለው ትንሽ ስፒከር በቀዩና በነጩ መውጫ ላይ ሰክቼ፣ ቢጫውን ለቴሌቪዥኑ ተውኩት፤ ድምፁ መጣ፤ በሪሲቨሩ ሪሞትም ከፍና ዝቅ አለ። አባቴ «ይኼ ሰውዬ ዛሬ አፉን ከፈተ» አሉ።

ለእኔው ፍላት ግን ጥያቄ ቀርቶኛል። ልጆቹ ፊልምና መዝሙር በፍላሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተው ያያሉ። ሳውንድባሩ ሪሲቨሩ ላይ ከተሰካ የፍላሹ ድምፅ በዚያ አይመጣም ማለት ነው። በኦፕቲካል ባደርገው ሁሉም ይመጣል ወይ? የጆሮ ማዳመጫውስ ቀዳዳ?


ጥገና ቤት፣ ከደብረ ብርሃን

መምህር፣ ከመግዛትዎ በፊት እንዲህ መሞከርዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንኛውም ኦክስ ያለው ስፒከር ሳውንድባር ሳይገዛ መልሱን ይሰጣል።

ለፍላቱ ኦፕቲካሉን እመርጣለሁ። ሪሲቨሩ በኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥኑ ይግባ፣ ከቴሌቪዥኑ ደግሞ በኦፕቲካል ወደ ሳውንድባሩ ይውጣ፤ የፍላሹም የሪሲቨሩም ድምፅ በዚያ ያልፋል። የሚጎድልዎ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ነው፤ በኦፕቲካል የሚወጣው ድምፅ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ቋሚ ስለሆነ የቴሌቪዥኑ መጨመሪያ ሳውንድባሩን አይነካውም። አንዳንድ ሳውንድባሮች የቴሌቪዥኑን ሪሞት የመማር ችሎታ ስላላቸው ወንድምዎ ሻጩን ይጠይቅ። ካልሆነም ሪሲቨሩን ሲያዩ በሪሲቨሩ ሪሞት፣ ፍላሽ ሲያዩ በሳውንድባሩ ሪሞት ማስተካከል ነው። የቴሌቪዥኑን የራሱን ስፒከር ከቅንብሩ ማጥፋትን አይርሱ፤ አለበለዚያ ሁለቱ ተደራርበው እንደ ማሚቶ ይሰማሉ።

የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳም ይሠራል፤ እንዲያውም በአብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች በሪሞቱ የሚታዘዘው እሱ ነው። ድምፁን ቴሌቪዥኑ ላይ ከግማሽ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና ቀሪውን በሳውንድባሩ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ቴሌቪዥኑ በጣም ዝቅ ብሎ ሳውንድባሩ ከፍ ካለ ፉጨት መሰል ጫጫታ አብሮ ያድጋል።

ኦፕቲካል ለሌላቸው አንባቢዎችም ልጨምር። አንዳንድ ሪሲቨርና ቴሌቪዥን ላይ ብቻውን የቆመ፣ ኮአክሲያል የሚል የተጻፈበት ብርቱካንማ ወይም ጥቁር ክብ ቀዳዳ አለ። ቅርጹ ከቀይና ከነጩ ጋር አንድ ስለሆነ ሰዎች ኦክሱ ላይ ይሰኩትና ምንም ሳይሰማ ይቀራል፤ የሚያወጣው ዲጂታል ምልክት ነውና። ዲጂታሉን ወደ ቀይና ነጭ የሚለውጥ፣ በስልክ ቻርጀር የሚሠራ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ዕቃ ይሸጣል። እሱ ካለ ኦፕቲካልም ኮአክሲያልም ለአሮጌው ስፒከር ሁሉ ይውላል።


ወጣቱ ዘእነዋሪ

እሺ፣ ገመዱን ተቀበልኩ። ኃይሉስ? ሱቅ ውስጥ 1000 ዋት፣ 2000 ዋት የሚሉ አይቻለሁ። ድምፁን ከላይም ጭምር የመጣ ያስመስላል የሚባለው ዶልቢ አትሞስ የሚልም ነበር። ከተገዛ አይቀር ትልቁ አይሻልም?


ባለ ካፌው፣ ከሸዋ ሮቢት

የተጻፈውን ዋት አትመን። ካርቶኑ ላይ ፒኤምፒኦ (ለቅጽበት ብቻ የሚደረስበት ኃይል) የሚል አጠገቡ ካለ ቁጥሩ ለማስታወቂያ የተጻፈ ነው፤ አርኤምኤስ (ያለማቋረጥ የሚያወጣው ኃይል) የሚለውን ፈልግ። እጅግ ቀላል የሆነ፣ በአንድ እጅ እንደ ዱላ የሚነሣ ሳውንድባር 1000 ዋት ነኝ ቢል ማንም አያምነውም። ከኋላው የተጻፈውን ከመብራት የሚወስደውን ዋት ብታይ እውነቱ ወደዚያ ይቀርባል።


ጥገና ቤት፣ ከደብረ ብርሃን

አትሞስን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፤ በኦፕቲካል አያልፍም፤ በኦክስ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ኦፕቲካል የሚሸከመው ባለ ሁለት ቻናል (የግራና የቀኝ ድምፅ ያለው) ፒሲኤም ወይም ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ሳብውፈር የሚሆነውን፣ የተጨመቀውን ባለ 5.1 ዶልቢ ዲጂታልና መሰሉን ዲቲኤስ ነው። መንገዱ ከ1983 ጀምሮ ያለ፣ ቶሺባ ያወጣው ነው፤ ለዚያ ዘመን የተሰፋ ልብስ ነው። ኤአርሲ የሌለው ቴሌቪዥን ይዞ ለአትሞስ መክፈል ገንዘብ መጣል ነው። በዚያው ገንዘብ ከግራና ከቀኝ ሌላ መሐል ላይ የራሱ የንግግር ስፒከር ያለውን፣ 3.1 የሚባለውን መግዛት ይቻላል። መሐለኛው ስፒከር ግን ንግግሩን ለይቶ እንዲያወጣ ሳውንድባሩ ዶልቢ ዲጂታልን የሚፈታ ወይም ባለ ሁለቱን ቻናል ራሱ የሚለይ መሆን አለበት፤ ይህን ካርቶኑ ላይ ማንበብ ነው።

ሳብውፈሩን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ተጨማሪ ስፒከር፣ ለመምህሩ አባት አልመክረውም። የመንዝ የድንጋይ ቤት ግድግዳው ጠንካራ ነው፤ ወፍራም ድምፅ ይመልሳል፤ በንግግሩም ላይ ይደራረባል። ባና ወይም ምንጣፍ የተነጠፈበት ክፍል ይሻላል፤ እሱም የሚረዳው ለቀጭኑ ድምፅ እንጂ ለወፍራሙ አይደለም። ሳብውፈር ያለው ከተገዛም ዜና ሲታይ እሱን ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

ርዝመቱንም ይለኩ። ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ወደ 70 ሴንቲሜትር ገደማ ይሰፋል፤ 90 ሴንቲሜትር የሆነ ሳውንድባር ጠረጴዛው ላይ ላይቆም ይችላል። ከፍታውንም አይርሱ፤ በብዙ ፍላቶች የሪሞት መቀበያው ከታች ጠርዝ ላይ ስለሆነ ከፍ ያለ ሳውንድባር ፊቱ ላይ ከቆመ ሪሞቱን ይጋርደዋል።


መምህር ዘሞላሌ፣ ከሞላሌ

ለወንድሜ የጻፍኩለት እንዲህ ነው፤ ለአባቴ ኦክስ ያለው፣ የንግግር ቅንብር ያለው፣ ሳብውፈር የሌለው አጭሩን፤ ለእኔ ደግሞ ኦፕቲካልና ኦክስ ሁለቱም ያሉትን፣ ከ70 ሴንቲሜትር የማይበልጠውን ፈልግ፤ ሁለቱንም ሱቁ ውስጥ በስልክህ በኦክስ አስሰምተው፣ የዜና ንባብ ክፈትበት እንጂ ሙዚቃ አትክፈት አልኩት። የቀረኝ ገመዱ ነው። ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ይበቃል ወይስ ለብቻ ይገዛ?


ጥገና ቤት፣ ከደብረ ብርሃን

ለብቻ ይግዛ። ለአባትዎ ቤት አንዱ ጫፍ 3.5 ሚሊሜትር፣ ሌላው ጫፍ ቀይና ነጭ ወንድ የሆነ ገመድ ነው የሚያስፈልገው። ከሪሲቨሩ እስከ መደርደሪያው ያለውን በክር ለክተው ግማሽ ሜትር ይጨምሩበት። በሱቅ ይህን የሚመስል ባለ ሦስት ቀለም ገመድ አለ፤ 3.5ቱ ጫፍ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት ያለው ሲሆን ለካሜራና ለአንዳንድ ሪሲቨር የተሠራ ነው። ኦክስ ላይ ሲሰካ አንዱ ጎን ዝም ሊል ይችላልና ሁለት ቀለበት ያለውን ይምረጥ። ለኦፕቲካሉ ደግሞ ጫፉ ላይ ያለችውን ግልጽ የፕላስቲክ ክዳን ሳያወልቁ አይሰኩት፤ ሲዘረጉትም እንደ ሽቦ አጥፈው ከጠረጴዛው ጥግ አያስጠጉት፤ ውስጡ ከተሰበረ አይጠገንም።